ክራሩ እስኪቃኝ

ጡረታ የወጣ ሰው ቀኑን የሚያሳልፍበት ነገር አያጣም። ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ ይሄዳል፤ ቀትር ላይ ለቅሶ ይደርሳል፤ ከሰዓት በኋላም የዕድር ወይም የሽምግልና ጉዳይ ይጠብቀዋል። የሚያስቸግረው ምሽቱ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ሰዓት የወጣቶች ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ሽማግሌው በሩን ዘግቶ ሬዲዮኑን ይከፍታል። ለመሆኑ ምሽት የወጣት ብቻ ነው ያለው ማነው?

ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ በ2010 ዓ.ም. በጥር ወር በሐይቅ ከተማ ያየሁት ነገር ነው። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ስሟንም ከአጠገቧ ካለው ሐይቅ የወሰደች ትንሽ የወሎ ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ ለሥራ ተመድቤ እዚያ ስኖር የአንድ ጡረተኛ መምህር ተከራይ ነበርሁ። አንድ ቅዳሜ ለትምህርት ቤት መጻሕፍት መግዣ ገንዘብ ለማሰባሰብ በከተማው አዳራሽ የሙዚቃ ምሽት መዘጋጀቱን ሰማሁና፣ «ጋሼ፣ አብረን እንሂድ» አልኋቸው።

«ልጄ፣ እኔ ማምሸት አላውቅም» አሉኝ።

ነገሩ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን እውነታቸውን ነው። በ22 ዓመታቸው መምህር ሆነው ሥራ የጀመሩት በ1967 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት መግቢያ ላይ ደርግ ሥልጣን ያዘ፤ ሰዓት እላፊም ታወጀ። በተከተሉት ዓመታት የሙዚቃ ቤቶች ምሽት ጠፋ፤ ብዙ ሰውም ዘፈን የሚሰማው ቤቱን ዘግቶ በካሴት ሆነ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ እሳቸው የ38 ዓመት ሰውና የአራት ልጆች አባት ነበሩ። ሰዓት እላፊው ከአገር ቢነሣም ከእሳቸው ቤት ሳይነሣ ቀረ።

ብዙ ከለመንኋቸው በኋላ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውንና የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው ተነሡ። አዳራሹ በተማሪዎችና በወጣት ሠራተኞች ተሞልቶ ስለ ነበር፣ በር ላይ ሲደርሱ ጥቂት አመነቱ። «እዚህ ውስጥ እኔን የሚያህል ሰው አለ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም መልሱን ትቼ ወንበር ፈለግሁላቸው።

መጀመሪያ ዘፋኞች በኪቦርድ ታጅበው ተጫወቱ፤ ወጣቱም ጨፈረ። ቀጥሎ የመድረክ መሪው ምርጫ ያለው ሰው ጽፎ እንዲያቀብል ጠየቀ። ጋሼ ከኪሳቸው ብጣሽ ወረቀት አወጡና «አምባሰል፣ በክራር» ብለው ጽፈው ሰደዱ። ክራሩን ይዞ የወጣው ልጅ ከሃያ ዓመት የማይበልጥ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ እንደሚያውቀው፣ የዘፈናችን ዋና ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም በአምስት ድምፅ የተመሠረቱ ናቸው። ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች ናቸው፤ በ1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመባት ውጫሌም ከሐይቅ በስተሰሜን በአምባሰል ምድር ትገኛለች። የልጁ ክራር ግን የተቃኘው በትዝታ ነበር። ከትዝታ ወደ አምባሰል ለመዞር ከጅማቶቹ አንዳንዶቹን ማጥበቅ፣ አንዳንዶቹን ማላላት ያስፈልጋል። ልጁም አንገቱን ደፍቶ መቃኘት ጀመረ።

አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለተኛው ተከተለ። ከኋላ ፉጨት ተነሣ። «ኪቦርድ! ኪቦርድ!» የሚል ጩኸት አዳራሹን ሞላው። የልጁ ጣቶች ሲንቀጠቀጡ አየሁ፤ የመድረክ መሪውም ሊያስወርደው ወደ እሱ ተራመደ።

በዚህ ጊዜ ጋሼ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጆች፣ ያዘዝሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋትም ካለ የእኔ ነው። ጥብስ ያዘዘ ሰው እስኪበስል ይጠብቅ የለም እንዴ? ይህ ልጅ የሚለፋው እኛ የጠየቅነውን ሊሰጠን ነው» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከተሰብሳቢው ብዙዎቹን፣ ካልሆነም አባትና እናታቸውን ያስተማሩ ስለ ነበሩ፣ ሳቁ ሲያልቅ ጸጥታ ሆነ። አሁን የጅማቶቹ ድምፅ አንድ በአንድ ይሰማ ጀመር። ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ስማ፤ ከትዝታ ወጥቶ አምባሰል ውስጥ እየገባ ነው» አሉኝ። እውነትም ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቅኝት ወደ ሌላ ሲለወጥ በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ በፊት በስልኬ ስንት ዘፈን ስሰማ፣ ክራር መቃኘት እንዳለበት እንኳ አስቤ አላውቅም ነበር።

ልጁ ተጫወተ። መካከል ላይ አንድ ጊዜ ሳተ፤ ነገር ግን ያፏጨበት አልነበረም፤ እንዲያውም በጭብጨባ አነሡት። ሲጨርስ ጋሼ ቀስ እያሉ ወደ መድረኩ ወጥተው ግንባሩ ላይ 50 ብር ለጠፉለት። የጡረታ ደመወዝ ምን ያህል እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው ያ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ወደ ቤት ስንመለስ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። መንገድ ላይ ቆም ብለው የሚያልፈውን ሰው ተመለከቱና፣ «43 ዓመት ዘግይቼ አመሸሁ» አሉኝ። ከዚያም ባትሪያቸውን አብርተው ቀደሙኝ።

ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ሆይ፣ የተቀዳ ዘፈን ሰሚውን አይጠብቅም፤ ሰሚውም አይታገሠውም፤ ካልጣመው ያልፈዋል። በመድረክ ላይ የቆመ ተጫዋች ግን የሚታገሠው ሰሚ ይፈልጋል። ያን ምሽት ያ ልጅ በፉጨት ቢወርድ ኖሮ ዳግመኛ ክራር ባልነካም ነበር ይሆናል። ያቆየው ደግሞ ምሽት አይገባውም የተባለ ሽማግሌ ነው። ስለዚህ በከተማችሁ የሙዚቃ ምሽት ሲዘጋጅ የመግቢያውን ከፍላችሁ ግቡ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ግን የጎረቤታችሁን የሽማግሌውን በር አንኳኩ።