በበረዶና በፈላ ውሃ የተገኘው ሕግ

በኮሎኝ ከተማ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተምር የነበረው ጌኦርግ ሲሞን ኦም እ.ኤ.አ. በ1825 አንድ ቀመር አሳተመ። ቀመሩ ስህተት ነበር።

ኦም የቁልፍ ሠሪ ልጅ ነው። አባቱ ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ስለነበር ለልጆቹም የመጀመሪያዎቹን የሒሳብ ትምህርቶች የሰጣቸው እሱ ነው። ልጁን እንቅልፍ የነሳው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ነው፦ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ ሲረዝም ከረንቱ በምን ያህል ይደክማል? ዴንማርካዊው ኧርስቴድ በ1820 ከረንት በአጠገቡ ያለን የማግኔት መርፌ እንደሚያዞር ስላሳየ፣ መለኪያው ተገኝቷል። የጠፋው የሚታመን ምንጭ ነው። የቮልታ ባትሪ ገና ሲገናኝ ይበረታል፣ ጥቂት ሲሠራ ይደክማል፣ ሲያርፍ ደግሞ ያገግማል። ስለዚህ መርፌው ወደ ኋላ ሲመለስ ጥፋቱ የሽቦው ይሁን የባትሪው ማወቅ አይቻልም። ኦም ግን አልታገሠም፤ ባገኛቸው ቁጥሮች ላይ የሎጋሪዝም ቀመር ገጥሞ ለኅትመት ላከው።

መውጫውን የጠቆመው የአንድ የፊዚክስ መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ፖገንዶርፍ ነው። ባትሪውን ተወውና በዜቤክ ዘዴ ሞክር አለው። ዜቤክ በ1821 እንዳገኘው፣ ሁለት ዓይነት ብረቶች ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው አንዱ መጋጠሚያ ሲሞቅ ሌላው ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል። የሙቀቱ ልዩነት እስካልተለወጠ ድረስ ግፊቱም አይለወጥም። ውሃ እየፈላ፣ በረዶም እየቀለጠ እስካለ ድረስ ደግሞ የሁለቱ ሙቀት ባለበት ይቆያል፤ ጠባቂም አያሻውም።

በጃንዋሪ 1826 ኦም ከቢስሙዝ ዘንግ ጋር መዳብ አጋጥሞ አንዱን መጋጠሚያ በፈላ ውሃ፣ ሌላውን በበረዶ አኖረ። መርፌውን በቀጭን የብረት ጥብጣብ አንጠለጠለው። ከረንቱ መርፌውን ሲገፋው ጥብጣቡን ከላይ እየጠመዘዘ ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ የጠመዘዘበት መጠን የከረንቱ ልክ ሆነ። ከዚያ ውፍረታቸው እኩል የሆኑ ስምንት የመዳብ ሽቦዎችን ተራ በተራ አስገባ። ሁለት ኢንች በሆነው ሽቦ 326.75 አነበበ፣ በአራት ኢንቹ 300.75፣ በአሥር ኢንቹ 238.25። የመጨረሻው 130 ኢንች ነበር፤ እሱ 48.5 ሰጠው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባ ነበር። የሽቦው ርዝመት እጥፍ ሲሆን ከረንቱ በግማሽ ይቀንሳል ብሎ ለሚጠብቅ፣ ከ326.75 ወደ 300.75 መውረድ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ኦም ያስተዋለው ከረንቱ የሚያልፈው በተለካው ሽቦ ብቻ አለመሆኑን ነው፤ ቢስሙዙንና ተያያዥ መዳቦቹንም አቋርጦ ይዞራል። ያ ሁሉ መንገድ 20.25 ኢንች ሽቦ ያህል ይመዝናል ብሎ በእያንዳንዱ ርዝመት ላይ ደመረው። ከዚያ 7285ን ለድምሩ አካፈለ። ስልክዎን አውጥተው ይሞክሩት፦ 7285 ለ22.25 ሲካፈል 327 ገደማ ይመጣል፤ ለ150.25 ሲካፈል 48.5።

በእኔ ሚዛን ግን ትልቁ ግኝት ቀጥሎ የመጣው ነው። ኦም የፈላውን ውሃ ትቶ የሙቀቱን ልዩነት ሲያሳንስ 7285 የነበረው ቁጥር ወረደ፤ 20.25 ግን ንቅንቅ አላለም። አንዱ ቁጥር የምንጩ፣ ሌላው የመንገዱ መሆኑ ታወቀ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ዛሬ ቮልቴጅ፣ የመንገዱን ድምር ሬዚስታንስ እንላቸዋለን። ቮልቴጅ ለሬዚስታንስ ሲካፈል ከረንት ይሰጣል፤ ቮልቴጅ ለከረንት ሲካፈል ደግሞ ሬዚስታንስ።

በ1827 በርሊን ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ሒሳብ የበዛበት ነበርና ቀዝቃዛ አቀባበል ገጠመው፤ ሥራውንም ለቀቀ። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳሊያን የሸለመው በ1841 ነው። (እንግሊዛዊው ካቨንዲሽ በ1781 ንዝረቱን በገዛ አካሉ እየለካ ወደዚሁ ሐሳብ ተጠግቶ ነበር፤ ግን ሳያሳትመው ሞተና ጽሑፉን የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል በ1879 አወጣው።)

በዚያው በ1841 የሳልፎርዱ የቢራ ጠማቂ ልጅ ጁል ሌላውን ግማሽ አሟላ። ሽቦ ጠቅልሎ ውሃ ውስጥ ከተተና ውሃው ምን ያህል እንደሚሞቅ ለካ። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ሆነ። ስለዚህ ፓወር፣ ማለትም በየሰከንዱ የሚወጣው ሙቀት፣ የከረንት ስኩዌር በሬዚስታንስ ሲባዛ ነው። ይህንን ከኦም ሕግ ጋር ሲያገናኙት ቮልቴጅ በከረንት ሲባዛ ዋት ይሆናል።

የቤታችንን የኤሌክትሪክ ምጣድ እንውሰድ። በ220 ቮልት 16 አምፔር የሚስብ ከሆነ ሬዚስታንሱ 13.75 ኦም፣ ፓወሩ 3520 ዋት ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ እራት ሲሠራ መብራቱ ደከመና ቮልቴጁ 180 ደረሰ እንበል። ሽቦው ያው ነው፤ በሙቀት የተነሳ የሚመጣውን ትንሽ ለውጥ እንተወው። ከረንቱ ወደ 13.1 አምፔር፣ ፓወሩ ወደ 2356 ዋት ይወርዳል። ቮልቴጁ የቀነሰው ከአንድ አምስተኛ ባነሰ ሲሆን ሙቀቱ ግን በአንድ ሦስተኛ ጎደለ። እንጀራው ዐይን አላወጣ ሲል ሊጡ ላይ የሚፈርዱ ጋጋሪዎች ይህንን ቢያውቁ ደግ ነበር።

የጁል ስኩዌር ግድግዳው ውስጥ ላለው ሽቦም አይራራም። ቀጭን ገመድ ተዘርግቶ ሬዚስታንሱ ግማሽ ኦም ቢሆን፣ በ16 አምፔር 128 ዋት የሚሞቀው ግድግዳው ነው። ስለዚህ አዲስ ምጣድ ከማስገጠምዎ በፊት በላዩ የተጻፈውን ዋት ለ220 ያካፍሉ፤ የሚመጣውን አምፔር ለኤሌክትሪሺያኑ ነግረው ያንን የሚችል ገመድና ብሬከር እንዲያስገባ ይጠይቁ።