ሳማ ለምን ይለበልባል?

በባሌ ደጋ፣ በሲናና፣ በጎባና በሮቤ አካባቢ ለሚኖር ተማሪ ሳማ እንግዳ አይደለም። ኦሮምኛ ተናጋሪዎች «ዶቢ» ይሉታል። ቅጠሉ እጃችሁን ገና ከመንካቱ ቦታው ያቃጥላል፤ ጥቂት ቆይቶም ይቀላል፣ ያብጣልም። የሚያስደንቀው ግን መቅላቱ ቅጠሉ ከነካው ስፍራ አልፎ በዙሪያው መስፋፋቱ ነው። ይህ እንዴት ይሆናል?

የሳማ ጠጉር እንደ መርፌ ሹል ነው። ቆዳን ሲወጋ ጫፉ ይሰበርና ሂስታሚንን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮችን ያዘለ ፈሳሽ ወደ ውስጥ ያፈሳል። በዚያም የነርቭ ሕዋሳት ጫፎች ይገኛሉ። የእነዚህ ሕዋሳት ዋና አካል በአከርካሪ አጥንት አጠገብ ሲሆን፣ ቀጭን ክራቸው ግን እስከ ጣት ጫፍ ይዘረጋል።

እያንዳንዱ ሕዋስ በስስ ገለፈት የተከበበ ነው። በገለፈቱም ላይ ከፕሮቲን የተሠሩ፣ እንደ በር የሚከፈቱና የሚዘጉ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። የሳማው ፈሳሽ የነርቩን ጫፍ ሲቀሰቅስ በሮቹ ይከፈቱና እንደ ሶዲየም ያሉ አዮኖች ወደ ውስጥ ይጎርፋሉ። ከዚህም የኤሌክትሪክ ምልክት ተወልዶ በክሩ ላይ ወደ ኅብለ ሰረሰር፣ ከዚያም ወደ አንጎል ይገሰግሳል፤ ያን ጊዜ ሕመም ይሰማናል።

ነገር ግን ምልክቱ ወደ ላይ ብቻ አይሄድም። ክሩ ቅርንጫፍ ካወጣበት ስፍራ ሲደርስ በሌላው ቅርንጫፍ ተመልሶ ወደ ቆዳ ይወርዳል። በዚያ የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ፤ ካልሲየም ሲገባም በነርቩ ጫፍ የተከማቹ ጥቃቅን ከረጢቶች ከገለፈቱ ጋር ተዋሕደው መልእክተኛ ንጥረ ነገሮችን ወደ ውጭ ይለቃሉ። እነዚህ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፉ ዙሪያው ይቀላል። እንደ ኤቲፒ ያለው መልእክተኛ ደግሞ ከረጢት ሳያሻው በገለፈቱ ሰፋ ያሉ ቀዳዳዎች በቀጥታ ሊወጣ ይችላል። እንግዲህ ነርቭ ለአንጎል ወሬ ያደርሳል፤ በአካባቢው ላለው ሥጋም እርዳታ ይጠራል።

ሕመም የሚጠላ ቢሆንም ዘበኛችን ነው። የሥጋ ደዌ ተሕዋስያን የእጅና የእግር ነርቮችን ሲጎዱ ይህ ዘበኛ ይጠፋል፤ ሕመምተኛው ሳያውቀው በእሳት ይቃጠላል፣ በእሾህ ይቆስላል። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ሥራውን የጀመረው ይህንኑ በሽታ ለመታገል ነበር። በሽታው ዛሬ በመድኃኒት ይድናል። ስለዚህ በገላችሁ ላይ ንክኪ የማይሰማው ደብዘዝ ያለ ቦታ ብታዩ፣ «አያመኝም» ብላችሁ አትተዉት፤ አለማመሙ ራሱ ምልክት ነውና ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ጥያቄዎች
1. ሳማ ከነካው ስፍራ ውጭ ያለው ቆዳ የሚቀላው ለምንድን ነው?
2. «ሕመም ዘበኛ ነው» የሚለውን አሳብ በአንድ አንቀጽ አብራሩ።