ያለ አሳማና ያለ ወይን፦ የቦሎኛን ሱጎ በቤታችን ስንሠራ



ፓስታ በሱጎ በልቶ የማያውቅ የግቢ ተማሪ አለ ማለት ይከብዳል። ሱጎ የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ሱጎ የምንለው ቲማቲም የበዛበት፣ ሥጋው ጥቂት የሆነ፣ በሃያና በሠላሳ ደቂቃ የሚደርስ ወጥ ነው። በጣሊያን ግን በዝግታ ለሰዓታት የሚበስል፣ ሥጋው ዋና ቲማቲሙ ረዳት የሆነበት ሌላ ዓይነት አለ። ስለዚህኛው ሲወራ ሁለት አባባሎች አይጠፉም። አንደኛው «ያለ አሳማ ሥጋና ያለ ወይን እውነተኛ አይሆንም» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ሲበስል አልኮሉ ተንኖ ይጠፋል፣ ምንም አይልም» ይላል። ሁለቱንም እንመርምራቸው፤ ከዚያ ድስቱን እንጥዳለን።

የወጡ አገር ቦሎኛ ናት፤ በሰሜን ጣሊያን የኤሚሊያ ሮማኛ ክልል ዋና ከተማ። ሰዎቿ «ራጉ» ይሉታል። የጣሊያን የምግብ አሠራር አካዳሚ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 17 ቀን 1982 አሠራሩን በከተማዋ የንግድ ምክር ቤት በይፋ አስመዘገበ። በ2023 ደግሞ አሻሽሎ እንደገና አስመዘገበው። በሁለቱም ላይ ከበሬ ሥጋ ጋር ፓንቼታ የሚባለው የአሳማ የሆድ ሥጋ አለ፤ ወይንም አለ። ስለዚህ ምግብ ቤት ውስጥ «ቦሎኘዝ» የሚል ስም ስናይ ምን እንደገባበት መጠየቅ አጉል ጥንቃቄ አይደለም። ከእርዱ ጥያቄ በተጨማሪ ስለ ፓንቼታውና ስለ ወይኑም መጠየቅ አለብን። በተለይ ለትምህርት ወደ አውሮፓ ለሚሄዱ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ይህ በየሳምንቱ የሚገጥም ነገር ነው።

ሆኖም «እውነተኛው» የሚባለው አሠራር ራሱ ሲለዋወጥ የኖረ ነው። ፔሌግሪኖ አርቱዚ በ1891 ባሳተመው ዝነኛ የምግብ መጽሐፍ ውስጥ የቦሎኛ መኮሮኒ ብሎ የጻፈው ወጥ ቲማቲም የሚባል ነገር የለበትም፤ ሥጋውም የጥጃ ነው። የ1982ቱ አሠራር ወተት ይጨምራል፣ በ2023ቱ ግን ወተቱ እንደ ምርጫ ነው። ቲማቲሙ ገብቶ፣ ወተቱ ወጥቶ ገብቶ፣ ራጉ ራጉ ሆኖ ከቀጠለ፣ እኛ የምናደርገው ለውጥ ስሙን ያሳጣዋል ብለን አናምንም። ዋናው ጥያቄ የሚወጣው ነገር ምን ሥራ ይሠራ ነበር የሚለው ነው። ሥራው ከታወቀ ተተኪው አይጠፋም።

የፓንቼታው ሥራ ስብና ጨው መስጠት ነው። የተፈጨ ቀይ ሥጋ ብቻውን ለሦስት ሰዓት ቢበስል ይደርቃል፤ ስቡ ያለሰልሰዋል። ለዚህ እኛ አገር ሻኛ አለልን! ከሐላል ሥጋ ቤት ሻኛ ወይም ስብ ያለው ፍርምባ አስቆርጦ በቢላ ደቀቅ አድርጎ መክተፍ ነው። የጨውን ነገር ጨው ይወጣዋል።

ወይኑ ደግሞ ሁለት ነገር ያደርጋል። ከድስቱ ሥር የተጣበቀውን ቡናማ ቅሪት ያላቅቃል፤ በኮምጣጣነቱም የስቡን ክብደት ይቆርጣል። ማላቀቁን ማንኛውም ፈሳሽ ይሠራዋል። ለኮምጣጣነቱ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ በአንድ ብርጭቆ መረቅ በርዞ መጨመር በቂ ነው። ኮምጣጤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መልካም ማባያ ብለው ያወደሱት ነገር መሆኑንም እናስታውስ። የወይን ጭማቂ የሚጠቀሙ አሉ፤ እኛ ግን አንመክረውም። ካሮቱና ሽንኩርቱ በቂ ጣፋጭነት ስላላቸው ወጡ ወደ ማርማላታ ይጠጋል።

«ተንኖ ይጠፋል» የሚለውስ? የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ባወጣው ሰንጠረዥ መሠረት ምግብ ውስጥ ተደባልቆ ከሚበስለው አልኮል ከ15 ደቂቃ በኋላ 40 በመቶ ያህሉ እዚያው ይገኛል። ከአንድ ሰዓት በኋላ 25 በመቶ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላም 5 በመቶ ይቀራል። ስለዚህ አባባሉ በኬሚስትሪውም ቢሆን ልክ አይደለም። ኸምርን ሆን ብሎ ምግብ ውስጥ መጨመር ደግሞ መቶኛው ስንትም ይሁን ለእኛ የተዘጋ በር ነው።

አሁን ወደ ድስቱ። ለአራት ወይም ለአምስት ሰው 400 ግራም የበሬ ሥጋ ያስፈልጋል። ወርች ቢሆን ይመረጣል፤ ሥጋ ቤቱ አንድ ጊዜ ብቻ በሻካራው ይፍጨው። 150 ግራም ሻኛ፣ አንድ ካሮት፣ አንድ ዘንግ ሴሌሪ፣ ግማሽ ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 200 ግራም ተፈጭቶ የተጣራ ቲማቲም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ሁለት ብርጭቆ ያህል መረቅ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት። በተሠራ የሾርባ ኩብ የምንጠቀም ከሆነ የሐላል ምልክቱን እንይ።

ወፍራም ድስት እንጣድ። ሻኛው በትንሽ ዘይት ስቡን እስኪለቅ ይጠበስ፤ ከዚያ ደቀው የተከተፉት ሽንኩርት፣ ካሮትና ሴሌሪ ይግቡ። የእኛ እናቶች ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት የሚያቁላሉበትን ትዕግሥት የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ አይቸገርም። እሳቱ ለስላሳ ሆኖ ለአሥር ደቂቃ ያህል ሳያሩ ይለስልሱ።

ከዚህ በኋላ ያለው ብዙ ሰው የሚያበላሸው ቦታ ነው። ሥጋው ሲገባ እሳቱ ከፍ ይበል። በመጀመሪያ ሥጋው ውኃ ያወጣል፣ ግራጫ ይሆናል፤ ብዙዎቻችን እዚህ ላይ «በሰለ» ብለን ቲማቲም እንደፋበታለን። መታገሥ ነው። ውኃው ካለቀ በኋላ ድምፁ ይለወጣል፣ መንተክተኩ ቀርቶ መንጨርጨር ይጀምራል፤ ሥጋው ቡናማ መልክ የሚይዘውና የጥብስ ጠረን የሚመጣው ያኔ ነው። ውኃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከመፍያው ነጥብ አያልፍም፤ ቡናማው ቀለምና ጠረን ደግሞ ከዚያ በጣም የሚበልጥ ሙቀት ይፈልጋሉ። ሥጋው ሲቀላ በኮምጣጤ የተቀላቀለውን መረቅ ጨምሮ የድስቱን ሥር በእንጨት ማንኪያ መፈግፈግ። ሲመጥ ድልሁ፣ ቲማቲሙ፣ ጨውና ትንሽ ቁንዶ በርበሬ ይከተላሉ። ነጭ ሽንኩርት በቦሎኛው ራጉ ውስጥ የለም። በርበሬ መጨመር የሚያምራችሁ ካላችሁ አንከለክልም፤ ግን ያ ሌላ ወጥ ነው።

ከዚያ እሳቱ እጅግ ዝቅ ይበልና በከፊል ተከድኖ ይንተክተክ፤ ከላዩ አልፎ አልፎ አንድ ሁለት አረፋ ብቅ ቢል በቂ ነው። ወርች ጠንካራ የሚሆነው ኮላጅን የሚባለው ማያያዣ ስለሚበዛበት ነው። ይህ ኮላጅን በቀስታ ወደ ጄላቲን ተለውጦ ወጡን ያወፍረዋል፤ ዱቄትም አያስፈልግም። ይህን ማፋጠን አይቻልም፤ እሳት ቢጨመርበት ሥሩ ያርራል እንጂ ሥጋው ቶሎ አይለሰልስም። መረቁ በጎደለ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይጨመርለት። ወተቱ በመጨረሻው ሰዓት ላይ በትንሽ በትንሹ ይገባል፤ የቲማቲሙን ኮምጣጣነት ያለዝባል።

የጣሊያኖቹ ልማድ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆንን ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ተኩል መያዝ ይሻላል፤ እንደ ድሬዳዋ ባሉ ዝቅ ያሉ ከተሞች ያላችሁ ቶሎ ትጨርሳላችሁ። ተከራይታችሁ በከሰል የምታበስሉ ምድጃውን ደጅ አውጡት። በተዘጋ ክፍል ከሰል ለሦስት ሰዓት ማንደድ ሽታ በሌለው መርዛማ ጋዝ ሕይወት ያሳጣል።

ቦሎኛዎች ራጉን በስፓጌቲ አይበሉም። ታሊያቴሌ በሚባል በእንቁላል በተቦካ ጠፍጣፋ ፓስታ ነው የሚበሉት፤ የእሱም ስፋት ከበሰለ በኋላ 8 ሚሊሜትር እንዲሆን በ1972 ተመዝግቧል። ካልተገኘ ጠፍጣፋ የሆነ ማንኛውም ፓስታ ይሁን፤ ወጡ ጠፍጣፋው ላይ ይያዛል፣ ከቀጭን ስፓጌቲ ላይ ግን ተንሸራትቶ ሳህኑ ሥር ይቀራል። ከላይ ስለሚነሰነሰው ፓርሚጃኖ አይብ አንድ ነገር እንወቅ፦ ወተቱ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ማርጊያ ነው። በዚህ ላይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም ስላላቸው የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። ያለ አይብም ይበላል።

ፓስታው ትንሽ ጠንከር እንዳለ ይውጣና ወጡ ድስት ውስጥ ይግባ፤ ከተቀቀለበት ውኃ ግማሽ ጭልፋ ተጨምሮ ለአንድ ደቂቃ አብሮ ይማሰል። የተረፈው ወጥ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል፤ በማግስቱ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል።