ሕፃናትን ትንፋሽ ስለሚያሳጣው ደዌ

በጉለሌ ጳውሎስ በሚባለው ሰፈር የሚኖር ሰው ጧት ከቤቱ ሲወጣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በር ሕፃን የታቀፉ እናቶችን ሳያይ የሚውልበት ቀን የለም። ሆስፒታሉ በ1961 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ዛሬ የሕክምና ኮሌጅም ኾኖ ሐኪሞችን ያስተምራል። ከነዚያ እናቶች ስንቱ «ጉንፋን መስሎኝ ነበር» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔም ይህንኑ ቃል የተናገርሁበት ቀን ስላለ፥ ነገሩን ለአስተማሪዎችና ለአገር ሽማግሌዎች መግለጥ የሚገባኝ ኾኖ አገኘሁት።

ሦስተኛው ልጄ በተወለደ በሰባተኛው ሳምንት አፍንጫው ፈሰሰ፥ ጥቂትም ሳለ። የቤቱ ሰው ሁሉ ብርድ ነው አለ፤ እኔም አመንሁ። በሦስተኛው ቀን ጡት መጥባት ተወ፤ ሲተነፍስም ከጎድኑ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጕድ ነበር። አያቱ እንጥሉ ወርዷልና ይቈረጥ ብለው ቈራጭ አስጠሩ። ሰውዬው ከመድረሱ በፊት ግን የጎረቤታችን ልጅ፥ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፥ ትንፋሹን በሰዓት ቈጥራ «ይህስ ጉንፋን አይደለም» ብላ አስደነገጠችን። ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ አራት ቀን በኦክስጅን ሰነበተና ዳነ። እኔ ከልጅነቴ ዠምሮ በመጽሐፍ ላይ ያደግሁ ሰው ስኾን የልጄን ትንፋሽ መቍጠር ግን አላውቅም ነበር።

እንዲህ ያለውን ሕመም በሕፃናት ላይ ከሚያመጡት ሁሉ ዋነኛው አር ኤስ ቪ የሚባለው ቫይረስ ነው። ሙሉ ስሙ ሪስፓይራቶሪ ሲንሲሽያል ቫይረስ ነው። የመዠመሪያው ቃል የመተንፈሻ ማለት ሲኾን፥ ሁለተኛው የሰውነት ሕዋሳት ድንበራቸው ፈርሶ እርስ በርሳቸው መዋሐዳቸውን ያመለክታል። ቫይረሱ በገባበት ሥፍራ የሚያደርገው ይህንን ስለ ኾነ ስሙ ከግብሩ ወጣ። በሳልና በማስነጠስ፥ በእጅም ይተላለፋል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይህ ቫይረስ ያልያዘው ልጅ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውም እንደ ጉንፋን አልፎለት ይድናል። ነገር ግን ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን የሳንባው ቧንቧዎች እጅግ ቀጫጭኖች ስለ ኾኑ፥ ጥቂት እብጠትና ጥቂት አክታ ይዘጋቸዋል። ትልቅ ሰው ሲያስነጥስ የሚያልፈው ነገር ሕፃኑን የሚያንቀው ስለዚህ ነው።

ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሊቃውንት እንደ ገመቱት በ2019 ብቻ አምስት ዓመት ካልሞላቸው ልጆች መካከል 101,400 የሚያህሉ በዚህ ደዌ ሞተዋል። ከነዚህም 45,700 የሚኾኑት ስድስት ወር ያልሞላቸው ነበሩ። ከመቶው ሞት 97ቱ የደረሰው ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በኾኑ አገሮች ነው። በአገራችንም በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ሦስት ወር ባልሞላቸው ሕሙማን ላይ ተመርምሮ በ1999 በታተመው ጥናት ቫይረሱ ተገኝቷል። በዚያው ሆስፒታል ዶክተር ሉሉ ሙሔና ባልደረቦቻቸው በ1997 ያሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ ለገጠሩ ሰው ይጠቅማል። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ልጆች 210ሩ ፀሐይ በማጣትና በምግብ ጕድለት የሚመጣው የአጥንት መልፈስፈስ ነበረባቸው፤ ምች ካልያዛቸው 500 ልጆች ግን 20 ብቻ። ሕፃንን ከጧት ፀሐይ ሰውሮ በጨለማ ቤት ጠቅልሎ ማኖር ብርድን የሚያስቀር ይመስላል እንጂ አያስቀርም።

ቫይረሱ በ1956 አስቀድሞ በቺምፓንዚ ጦጣዎች፥ ጥቂት ቈይቶም በአሜሪካ አገር በሕፃናት ላይ ታወቀ። ወዲያው ክትባት ለመሥራት ተጣደፉ፤ ጥድፊያውም ዋጋ አስከፈለ። ቫይረሱን በፎርማሊን ገድለው በ1966 ገደማ ለሕፃናት ሰጡ። በዋሺንግተን ከተከተቡት 31 ሕፃናት 20ዎቹን ደዌው በያዘ ጊዜ 16ቱ ሆስፒታል ገቡ፥ ሁለቱም ሞቱ። ካልተከተቡት መካከል ግን ደዌው ከያዛቸው 21 ሕፃናት ሆስፒታል የገባው አንድ ብቻ ነበር። ሊጠብቅ የተሰጠው ነገር አባሰ። ከዚህ በኋላ ሥራው ብዙ ዘመን በፍርሃት ቆመ፤ እኔ ግን ይህ ፍርሃት ትክክል ነበር እላለሁ።

የስሕተቱ ዋና ምክንያት የተገለጠው ዘግይቶ ነው። በቫይረሱ ገላ ላይ ወደ ሰው ሕዋስ የሚገባበት ፕሮቲን አለ፤ ይህም ሥራውን ከመሥራቱ በፊት አንድ መልክ፥ ከሠራ በኋላ ሌላ መልክ አለው። በፎርማሊን የተገደለው ቫይረስ የሚያሳየው የኋለኛውን መልክ ነበር። ስለዚህ የሕፃኑ ሰውነት የሌባውን ፊት ሳይኾን ጀርባውን ተማረ። በ2013 ጄሰን ማክሌላን፥ ባርኒ ግራምና ባልደረቦቻቸው የፊተኛውን መልክ ሳይለወጥ ለማቆም ቻሉ፤ አዲሱም ክትባት ከዚህ ተሠራ።

ክትባቱ የሚሰጠው ለሕፃኑ አይደለም፥ ለነፍሰ ጡሪቱ እናት ነው። በደሟ የሚፈጠረው መከላከያ በእትብት በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል። በ18 አገሮች ከ7000 በሚበልጡ እናቶች ላይ ተፈትኖ በ2023 በታተመው ምርመራ፥ በመዠመሪያው ሦስት ወር ከባዱን ሕመም ከመቶ 82 ያህል ቀነሰው። ሌላው መንገድ ኒርሴቪማብ የሚባለውን የተዘጋጀ መከላከያ ለሕፃኑ ራሱ አንድ ጊዜ በመርፌ መስጠት ነው። ይህም በፈረንሳይ፥ በጀርመንና በእንግሊዝ በ8058 ሕፃናት ላይ ተፈትኖ፥ በዚህ ደዌ ሆስፒታል መግባትን ከመቶ 83 ቀነሰ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 አገሮች ሁሉ ከሁለቱ አንዱን እንዲይዙ መከረ፤ የእናቲቱም ክትባት ከእርግዝናዋ 28ኛ ሳምንት ዠምሮ ይሰጥ አለ። ነፍሰ ጡር ሴት ለክትትል ወደ ጤና ጣቢያ ካልሄደች ግን ክትባቱ ቢመጣም አያገኛትም። ሽማግሌዎች፥ ባሎችን መምከር የእናንተ ፈንታ ነው። ክትባቱ በወረዳው ይሰጥ እንደ ኾነም ጤና ጣቢያውን ጠይቁ።

የያዘውን ሕፃን ቫይረሱን ገድሎ በርግጥ የሚያድን የታወቀ መድኃኒት እስካሁን የለም። ሐኪም የሚረዳው በኦክስጅንና ምግቡን በመጠበቅ ነው። በዚህም ረገድ የባንግላዴሽ ሰዎች ያገኙት ብልሃት ያስደንቃል። ሕፃኑ የሚያስወጣው ትንፋሽ በቱቦ አልፎ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ አረፋ እያወጣ እንዲሄድ ያደርጋሉ፤ የውሃውም ግፊት የሳንባውን ቧንቧዎች እንዳይዘጉ ይይዛቸዋል። በዳካ ጠርሙሱ የሻምፖ ጠርሙስ ነበር። በ2015 በታተመው ጥናታቸው፥ በከባድ የሳንባ ምች ከታመሙት ልጆች በተለመደው ኦክስጅን ከመቶ 15 ሲሞቱ፥ በዚህ ከመቶ 4 ሞቱ። በኢትዮጵያም በ12 አጠቃላይ ሆስፒታሎች ከ1200 በሚበልጡ ልጆች ላይ ተፈትኖ በ2024 ታተመ፤ ሕክምናው የማይሠራላቸው ልጆች ቍጥር በአረፋው መንገድ አነሰ።

ይህ ሁሉ ግን ሕፃኑ በጊዜ ለደረሰ ነው። አስተማሪ ሰዓት አለውና ለእናቶች ይህን ያስተምር፤ ሕፃኑ ሳያለቅስ፥ ልብሱ ከደረቱ ተገልጦ፥ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹ ይቈጠር። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን 60 ወይም ከዚያ በላይ፥ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ያለው 50 ወይም ከዚያ በላይ ቢተነፍስ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ደረቱ ከታች ቢሰረጕድ፥ ጡት መጥባት ቢያቅተው፥ ከንፈሩ ቢጠቍር፥ ወይም ትንፋሹ እየቆመ ቢሄድ፥ ቍጥሩ ባይሞላም ሌሊትም ቢኾን ይሂድ።

እንጥል መቍረጥ ደም ያፈሳል፥ ቍስሉም ይመረቅዛል፤ ደዌው ያለው በሳንባ ስለ ኾነ ከእንጥል ጋር ግንኙነት የለውም። ባክቴሪያን የሚገድለው መድኃኒት ቫይረሱን አይገድለውም፤ ሐኪም ሌላ ደዌ ተጨምሮ እንደ ኾነ ጠርጥሮ ቢያዝዘው ይሰጥ፥ ከገበያ ገዝቶ መስጠት ግን ይቅር። ሕፃኑ ያለበት ቤት ጭስ አይኑርበት፤ ጉንፋን የያዘው ሰውም፥ አያትም ብትኾን፥ እጇን በሳሙና ሳትታጠብ አትታቀፈው፥ ፊቱንም አትሳመው።