ሃያው ሳምቡሳና የመጨረሻዋ ሰዓት

መግሪብ ሊደርስ አንድ ሰዓት ሲቀረው መርካቶ አንዋር መስጊድ አካባቢ ካለፍን እጃችን ፌስታል በፌስታል ይሆናል። ለአምስት ሰው ሃያ ሳምቡሳ፣ ሁለት ዓይነት ተምር፣ ያልታሰበ ሙሸበክ። አዛን ሲል ግን በሦስት ተምር፣ በሾርባና በሁለት ሳምቡሳ እንጠግባለን። የተረፈው "ለሱሁር ይሆናል" ተብሎ ይቀመጣል፤ በሱሁርም የሚነካው የለም። በየዓመቱ "ዘንድሮስ አይደገምም" እንላለን።

ሆዳምነት ነው ብለን ራሳችንን እንወቅሳለን። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ሆድ ባዶ ሲሆን ጨጓራ ግሬሊን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ግሬሊን አንጎል ሲደርስ ረሃብን ከመቀስቀስ አልፎ ዶፓሚን የሚያመነጩትን ሕዋሳት ያነቃቃል። ዶፓሚን "የደስታ ኬሚካል" ሲባል እንሰማለን፤ ስሙ ያሳስታል። ሳይንቲስቱ ቮልፍራም ሹልትስ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ይፋ ባደረጉት ምርምር ለጦጣዎች ጭማቂ ይሰጡ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሕዋሳቱ የሚነቃቁት ጭማቂው ሲመጣ ነበር። ጦጣዎቹ ከጭማቂው በፊት የሚታየውን ምልክት ከለመዱ በኋላ ግን በምልክቱ ይነቃቃሉ፤ የተጠበቀው ጭማቂ ሲደርስ ዝም ይላሉ። ለእኛ ምልክቱ ከምጣዱ የሚወጣው የሳምቡሳ ሽታ ነው። ሃያውን የሚያዘው ጉጉታችን ነው፤ የሚበላው ሆድ ግን የሁለት ሳምቡሳ ሆድ ነው።

ሳምቡሳስ ይሁን፣ ለጎረቤት ይሰጣል። የሚያሳስበን ሌላ ነው። በፈረንጆቹ 2019 የስኮትላንዱ ዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን አንዴ ጠግበው፣ አንዴ ተርበው "አሁን ትንሽ ወይስ ቆይቶ ብዙ?" እያሉ ጠይቀዋቸው ነበር። ሲራቡ በምግብ ብቻ ሳይሆን በገንዘብም ወደ አሁኑ ትንሽ አደሉ። የተጠኑት የረመዳን ጾመኞች አልነበሩም፤ ቢሆንም እኛን አስደንግጦናል። ምክንያቱም የውርስ ክፍፍሉን፣ የብድሩን ጉዳይ፣ የተኳረፉ ወንድማማቾችን ሽምግልና የምናስቀምጠው ከአስር ሶላት በኋላ ነው፤ "እስከ ኢፍጣር ጊዜ አለን" ብለን።

በዚያ ላይ ቡና አለ። ካፌይን አዴኖሲን የተባለውን የድካም መልእክተኛ በር ዘግቶ ይይዘዋል፤ ቡናው ሲቀር በሩ ይከፈትና ራስ ምታቱና ንጭንጩ አብረው ይገባሉ። በተለይ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የቤት እመቤቶች ያውቋቸዋል! ጾመኛ ሲሰደብ "ጾመኛ ነኝ" ብሎ እንዲያልፍ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያዘዙትን በዚያች ሰዓት ስናስታውሰው ክብደቱ ይገባናል።

ዘንድሮ እኛ ቤት የገበያው ዝርዝር የሚጻፈው ማታ ከተራዊህ በኋላ ነው፤ የሚገዛውም በማግስቱ ረፋድ ላይ። ከዘመድ ጋር የቀረን የመሬት ጉዳይም ወደ ማታ ተዛውሯል፤ አጎታችን መጀመሪያ ቅር ቢላቸውም ሻይ ይዘው ሲነጋገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። ሃያው ሳምቡሳ አሥር ሆኗል። ሙሸበኩን ግን ገና አላሸነፍነውም።