ባቡር የወለደው የእንግዳ ማረፊያ፦ የአዋሽ ቡፌ

በቀደመው ዘመን መንገደኛ ሲመሽበት ከአንድ ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ አባወራውም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባዋል። እራትና መኝታ በገንዘብ የሚገኝበት ቤት ለአብዛኛው ሰው እንግዳ ነገር ነበር። ይህን ልማድ ከለወጡት አንዱ የባቡር ሐዲድ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በአፋር ክልል የምትገኘው አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ለዚህ ምስክር የሚሆን ጥንታዊ ቤት አላት። በባቡር ጣቢያው ግቢ የቆመው ይህ የእንግዳ ማረፊያ በፈረንሳይኛ ስሙ «ቡፌ ዳዋሽ» ይባላል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡር መንገድ እንዲሠራ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያም ኩባንያው ለኪሳራ በመዳረጉ ሥራው ለዓመታት ተጓተተ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

784 ኪሎ ሜትሩን ለማዳረስ የያኔው ባቡር ሦስት ቀን ይፈጅበት ነበር። የሚጓዘው በቀን ብርሃን ብቻ በመሆኑ አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሌላውን በአዋሽ ያሳልፋል። ድሬዳዋ ፈጥና ከተማ ሆናለች። አዋሽ ግን በአርብቶ አደሮች ምድር፣ በወንዙ ገደል አፋፍ የተቆረቆረች ትንሽ የጣቢያ መንደር ነበረች። አንድ መንገደኛ ተቀብሎ የሚያሳድር ደግ ሰው ቢገኝ እንኳ፣ በአንድ ምሽት ከባቡር የሚወርደውን ተሳፋሪ ሁሉ ማስተናገድ አይቻለውም። ስለዚህ ማረፊያውን የወለደው የባቡሩ የጊዜ ሰሌዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የቤቱ አሠራርም ይህንኑ ይናገራል። በረንዳው ከሐዲዱ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቃል፤ ተሳፋሪው ከፉርጎው ወርዶ ከቆላው ሐሩር በቀጥታ ወደ ጥላው ይገባል። ለረጅም ዘመን ያስተዳደሩት የግሪክ ተወላጆች ሲሆኑ፣ የአውሮፓ ምግብ የሚቀርብበት ቤት በመሆኑም ይታወቅ ነበር።

ቤቱን የወለደው ምክንያት ግን ቀስ በቀስ ጠፋ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ፈጣኑ ሊቶሪና መጣ፤ በኋላም የናፍጣ ባቡሮች ጉዞውን አሳጠሩት። ከሐዲዱ ይልቅ የመኪናው መንገድ እየበረታ ሄዶ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የቀድሞው ባቡር ወደ አዲስ አበባ መምጣቱን አቆመ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ የሚጓዘው በራሱ ሐዲድ፣ የሚቆመውም በራሱ ጣቢያዎች ነው። መንገደኛውን በአዋሽ ማሳደር አያስፈልገውም።

ዛሬ ከአዋሽ ወደ ሚሌና ወደ ድሬዳዋ በሚለያዩት መንገዶች የጅቡቲ ጭነት መኪኖች ቀንና ሌሊት ይመላለሳሉ። ከተማዋ አሁንም መንገደኛ ታስተናግዳለች፤ እንግዳዋ ግን የሚመጣው በሐዲዱ ሳይሆን በአስፋልቱ ነው። አሮጌው ቡፌ ሐዲዱን እንጂ አስፋልቱን ተጠግቶ አልተሠራም። እንዲህ ያለ ቤት ከጣቢያው ተነጥሎ ቢታይ ተራ ሆቴል ይመስላል፤ ታሪኩ የሚነበበው ሐዲዱ፣ ጣቢያውና ማረፊያው አንድ ላይ ሲጠበቁ ነው።