ሸክላ ማጫወቻንና የቤት ቴአትር ሪሲቨርን ማገናኘት

ሪሲቨር ከልዩ ልዩ መሣሪያዎች የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎና አጉልቶ ወደ ስፒከሮች የሚያደርስ የቤት ቴአትር ማዕከል ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር ከሚገናኙት መሣሪያዎች ሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ሸክላ ማጫወቻ ነው። የሲዲ ማጫወቻ እስከ 2 ቮልት የሚደርስ ሲግናል ሲልክ፣ የሸክላው መርፌ የተተከለበትና ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የተለመደው ባለማግኔት ካርትሪጅ ግን የሚያመነጨው 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ለሲዲ በተዘጋጀው መግቢያ ላይ ቢሰካ ድምፁ እጅግ ደካማና ቀጭን ይሆናል።

የድምፁ መቅጠን ምክንያቱ ሸክላው ሲቀረጽ መርፌው የሚሄድበት ቦይ ከመጠን በላይ እንዳይሰፋ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ስለሚቀነስ፣ የመርፌው ፍትጊያ እንዳይሰማም ቀጭኑ ድምፅ ስለሚጨመር ነው፤ ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ በወጣ መስፈርት አንድ ወጥ ሆኗል።

«ፎኖ» የሚል ጽሑፍ ያለበት መግቢያ ይህን ሚዛን የሚመልስ ቅድመ ማጉያ ስላለው ማጫወቻው በዚያ ይሰካል፤ ሪሲቨሩ ይህ መግቢያ ከሌለው ራሱን የቻለ ቅድመ ማጉያ በመካከል ይገባል። ማጫወቻው የራሱ ቅድመ ማጉያ ሲኖረው ግን በተራው መግቢያ መሰካት ይገባዋል፤ ሁለቱ በአንድነት ከሠሩ ድምፁ ይበላሻል። በመጨረሻም ከማጫወቻው የሚወጣው ቀጭን የመሬት ሽቦ ከሪሲቨሩ ጀርባ ካለው ብሎን ጋር ሲታሰር፣ ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣው የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል።